ሁለት ሳምንት ያልሽው ሥራ

ጥቅምት 3

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ ደረጃ ሲያይ የሚያኮርፈው ግራ ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። በሰዓቱ እበላለሁ፣ በሰዓቱ እተኛለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ከማንበብዎ በፊት የሚፈልጉት እሱን ስለሆነ ነው። ስልክ አልወድም፣ ስልክ ይዤ መቀስ አልይዝም ስላሉኝም ይኸው በቃሌ መሠረት በወረቀት መጣሁ።

ሥራ ጀምሬያለሁ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆሞ የሚያስብ ስለሚመስል በእግሬ ነው የምወጣው። በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነን። አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በቢጫና በሮዝ ቁራጭ ወረቀት ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ሥራ ነው፤ ከግራ ይነሳና እየተሠራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በቀኝ ጥግ በትልቁ "ያለቀ" ተብሎ ተጽፏል። ወረቀት አንስቶ እዚያ መለጠፍ እንዴት እንደሚያስደስት ቢያዩ።

የምንሠራው ለአንድ ትልቅ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሆን ሶፍትዌር ነው። እዚያ የታመመ ሰው ካርዱን አንዲት ሴትዮ ከመደርደሪያ ፈልጋ እስክታገኝለት ሁለት ሰዓት ይሰለፋል። አንዳንዴ ካርዱ ሳይገኝ ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሠራራችን አጃይል ይባላል፤ ሥራውን ቆራርጦ በትንሽ በትንሹ መሥራት ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ እንጨርሳለን። የመመረቂያ ሥራዬን ዓመት ሙሉ ስጎትት ያዩኝ እርስዎ ነዎትና ይገርምዎታል።

ፕሮጀክቱ እንዳለቀ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። የሰፉልኝ ኮት ልክክ ብሏል። የማን ስፌት ነው ያላለኝ የለም።

ክርዎ አይበጠስ፣ ደንበኛዎ አይጉደል።

የእህትዎ ልጅ፣
በአራት ዓመቷ የኮት ቁልፍ ከዋጠች ወዲህ ስሟ የጠፋባት ቁልፊት


ጥቅምት 24

ለቁልፊት፣

ከእኔ፣ ከስፌት መኪናዬ፣ እንዲሁም ከጎረቤታችን ከጫማ ሠሪው ሰላምታ ይድረስሽ። እድሜሽ ይርዘም፣ እግርሽ ከእንቅፋት ይሰወር።

ደብዳቤሽን ለጫማ ሠሪው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "በየሁለት ሳምንቱ እንጨርሳለን" የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴን አሳርፌ ደገምኩት። ሥራ ጀምራለች፣ በሁለት ሳምንት ትጨርሳለች፣ ሲያልቅ እመጣለሁ ብላለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። የኋላውን ክፍል የሞላውን ጨርቅ አነሳሁ። ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አወራሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጺሜን ተላጭቼ፣ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ።

ማታ ላይ ጫማ ሠሪው ሱቁን እየዘጋ፣ "ሁለት ሳምንት ነው ያለችህ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"የትኛውን ሁለት ሳምንት?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አላሳርፍ ብሎኛል። ሶል ሲመታ እንኳ መዶሻው "ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት" የሚል ነው የሚመስለኝ። አሁን ንገሪኝ፦ በየሁለት ሳምንቱ እያለቀ የማያልቅ ሥራ ምን ዓይነት ነው? አርባ ዓመት ስሰፋ አንድ ሱሪ ሁለቴ አልቆልኝ አያውቅም። አጃይል ያልሽውስ ከአጃ ጋር ዝምድና አለው? ጫማ ሠሪው አለው ባይ ነው።

አንድ ነገር ላኪልኝ፤ መርፌ። ፋብሪካው ምን እንደነካው እንጃ፣ የዘንድሮውን መርፌ ዓይኑን አጥብቦታል። እዚያ ሰፋ ያለ ካለ ፈልጊ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ህዳር 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ደስታም ሐፍረትም ይዞ ገባ። መጀመሪያ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ የቢሮ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ቀጥሎ በር ላይ ወንበር አውጥተው መቀመጥዎ ታየኝና ወረቀት አነሳሁ። ይቅር ይበሉኝ። የቃሉ ጥፋት የእኔ ነው።

በሁለት ሳምንት የሚያልቀው ዙሩ ነው፤ ፕሮጀክቱ አይደለም። እርስዎ እጅጌ ጨርሰው ወደ ኮሌታ እንደሚያልፉት ማለት ነው። እስካሁን ሁለት ዙር ጨርሰናል። ችግሩ እጅጌውም ኮሌታውም ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም አልለበሰውም።

ትናንት አለቃችን ሰሌዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አሰመረ። ሁለት ዓመት። ካርድ ክፍል ብቻ የነበረው ሥራ ፋርማሲ ተጨመረበት፣ ላቦራቶሪ ተጨመረበት፣ የሠራተኛ ፈቃድ ተጨመረበት፣ የጥበቃው መዝገብ ሳይቀር ገባ።

"ሁሉም ሲሟላ በአንድ ቀን እናስረክባለን" አለ።

"ካርድ ክፍሏ ሴትዮ እስከዚያ ምን ታድርግ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ትጠብቃለች። ስንት ዓመት ጠብቃ የለም እንዴ?"

"ቀን ቢቆረጥስ?"

"አጃይል ነን እኮ። አጃይል ቀን አይቆርጥም" አለና ሳቀ፤ ሌሎቹም አብረው ሳቁ።

ጋሼ፣ እኔ አልሳቅሁም። ቀን አለመቁረጥ ብልሃት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ሁለት ሳምንቱን ሃምሳ ጊዜ እየደጋገሙ ሁለት ዓመት መደበቂያ ነው። ይህን ለማለት ግን ገና ሦስት ወር ያልሞላኝ ሠራተኛ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ሰው ጨርቅ ይዞ መጥቶ ስንት ጊዜ ይፈጃል ሲልዎት ምን ይላሉ? የምሬን ነው የምጠይቀው።

መርፌውን ሁለት ፓኬት ልኬያለሁ። ሻጩ ከዚህ የሰፋ የለም ብሏል።

ጤና ይስጥልኝ፣
ቁልፊት


ህዳር 29

ለቁልፊት፣

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። መርፌው ደርሶኛል፣ ሻጩ ግን አታሎሻል፤ ያው ጠባብ ነው። ጫማ ሠሪው ክሩን ይሰካልኛል። ሥራ ስለፈታ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለኝ ሰው እኔ መልሼ የምጠይቀው የት ልትለብሰው ነው ብዬ ነው። ሠርግ ካለው ቀኑን የቆረጠው ሠርጉ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ። ከሠርጉ ማግስት የደረሰ ኮት የፈለገ ያምር፣ ጨርቅ ነው። ጊዜ ካጠረኝ ቀን አልለምንም፤ ከኮቱ ላይ እቀንሳለሁ። የውስጥ ኪስ ይቀራል። የእጅጌ ጫፍ ቁልፍ ከአራት ወደ ሁለት ይወርዳል። እጅጌው ግን አይቀርም። አለቃሽ የያዘው ኪስ መደርደር ነው፤ ሰውየው ራቁቱን ቆሟል።

ደግሞ እኔ ኮት በአንዴ ሰፍቼ ጨርሼ አላውቅም፤ ሰፍቼ እለካለሁ። ገና በረጃጅም ስፌት እንደተያያዘ አልብሼው "እስኪ እጅህን አንሳ" እላለሁ። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ሁሉም ኮት ልክ ነው። እጁን ሲያነሳ ነው ብብቱ የሚናገረው። ያቺ ሴትዮ እጇን አንስታለች ወይ? እሷን ሳትጠይቂ ስለ ሁለት ሳምንትም ስለ ሁለት ዓመትም አታውሪኝ።

መብራት ላኪልኝ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ኃይለኛ የሆነውን። የጫማ ሠሪው ሸራ ብርሃኑን ከልሎብኛል። ሰውየው ደግሞ ምቀኝነቱ ብሶበት "ሰማያዊ ኮት በጥቁር ክር ሰፋህ" እያለ ያስወራብኛል።

አጎትሽ


ታህሳስ 21

ለጋሼ፣ እጄን ይዘው መቀስ ላስተማሩኝ፣

ሰላምታዬን ቆሜ አቀርባለሁ፤ ከደስታ ብዛት መቀመጥ አልቻልኩም። ጠየቅኋት።

በምሳ ሰዓት ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ፣ ለማንም ሳልናገር ካርድ ክፍል ሄድኩ። መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል። መሰላል አለ፤ የመሰላሉ ሁለተኛ እርከን በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ሴትዮዋ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ በመስኮቱ ከበሽተኛ ጋር ትከራከራለች። እኔ ደግሞ የእርስዎ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ሞልቶ ገና እንደገባሁ "እስኪ እጅዎን ያንሱ" አልኳት። ዘራፊ የመጣባት መስሏት ሁለት እጇን አነሳች።

ከዚያ ተሳስቀን ተቀመጥን። መስኮቱ ላይ የቆመውን ሰውዬ ስም ጻፈች። ኮምፒውተሩ "የለም" አለ። ሰውየው አለ፤ ፊታችን ቆሟል። ጋሼ፣ ነገሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እሷ ስሙን በእሳቱ ሰ ጻፈችው፤ ካርዱ በንጉሡ ሠ ነው የተመዘገበው። ለእኛ ሶፍትዌር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፈለግነው፤ እውነትም ሁለት ሆኖ ተቀምጧል። አንደኛው የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ሌላው ጤነኛ ነው።

"ይሄን ሃያ ዓመት በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ" አለችኝ። "ሀውም፣ ሐውም፣ ኀውም እንደዚሁ ነው። ማን ጠየቀኝ?"

በአራት ቀን አስተካከልነው። በአለቃችን መስመር ብንሄድ የምንሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ ያኔ ደግሞ በዚያ ላይ ፋርማሲው ተሠርቶበት፣ ለጤነኛው የስኳር መድኃኒት እየታዘዘ።

በስብሰባ ላይ አለቃችን "ማን ፈቅዶልሽ ሄድሽ?" አለኝ። እጄን አነሳሁ፤ እስከ ላይ። ተነስቼም ተናገርኩ። ስድስት ዙር ይበቃል አልኩ። ትናንት ታህሳስ 20 ተጀምሮ መጋቢት 14 ያልቃል። ካርድ ክፍል ብቻ። በየሁለት ሳምንቱ ያለቀው ወደ ሴትዮዋ ይሄዳል፣ እሷ ሞክራ ያልተቀበለችው ወረቀት "ያለቀ" ላይ አይለጠፍም። ጊዜው ካልበቃ ከሥራው ይቀነሳል እንጂ ቀን አይጨመርም። ፋርማሲው ሌላ ኮት ነው፤ ለብቻው ይለካል።

"መጋቢት 14 ካላለቀስ?" አለ።

"እለቃለሁ።"

"በጽሑፍ?"

በጽሑፍ ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተው። የውስጥ ኪስ ነው፤ ልብ ብያለሁ።

መብራቱን በሹፌር ልኬዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ጫማ ሠሪው ምቀኛ ነው ወይስ እውነቱን ነው? ዓይንዎን ሐኪም አይቶታል?

ቁልፊት


ጥር 23

ለቁልፊት፣

ደህና ነኝ። መፈረምሽን ሰምቼ ኮራሁ። አትፍሪ።

ስትጽፊ ጎላ አድርጊ። የዘንድሮ ወጣት ፊደሉን እንደ ጉንዳን ያሳንሰዋል።

መብራቱ ጥሩ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ ይዣለሁ፤ ሠላሳ። ሳልጨርስ መቀሴን አላስቀምጥም።

አጎትሽ

(ከዚሁ ጋር በሶል መጠቅለያ ወረቀት ላይ የተጻፈ)

የእኔ ልጅ፣ እኔ ጫማ ሠሪው ነኝ። ፖስታው ላይ አድራሻሽን እኔ እንድጽፍለት ሰጥቶኝ ነው ይህችን የሸጎጥኳት። በኋላ የሚመጣውን ስድብ እችለዋለሁ። ዓይኑ ሞራ ለብሷል። ወስጄው ሐኪም አይቶታል፤ ይድናል ብሏል። ሁለቱን በአንዴ አይሠሩም፣ ቀኙ ይሠራና ሲያገግም ግራው ይቀጥላል። አጎትሽ "ግማሽ ሥራ ተቀብዬም ሠርቼም አላውቅም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ካልሠራችሁ አልሠራም" ብሎ ሐኪሙን ተቆጥቶ ወጣ። ከዩኒፎርሙ አሥራ አንዱን እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ በጫማ ክር።


የካቲት 2

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፊደሌን አጉልቼዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን አላየሁም ማለት አይቻልም።

ሁሉንም አውቄያለሁ። ጫማ ሠሪውን ቢቆጡት ከእኔ ጋር ይጣላሉ።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። መርፌው ጠበበ፣ ሸራው ከለለኝ፣ ወጣት ፊደል ያሳንሳል እያሉ ከሦስት ወር በላይ አታለሉኝ፤ እኔም መብራት እልክ ነበር። አሁን ደግሞ ግማሽ ሥራ አልወድም ይላሉ። ጋሼ፣ ይህን ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እርስዎን አውቅዎታለሁ። "ከኮቱ ላይ እቀንሳለሁ፣ እጅጌው ግን አይቀርም" ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። "ሰፍቼ እለካለሁ" ያሉት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ያለው ሌላ ምንድን ነው? አንዱን ሠርቶ፣ አልብሶ፣ እጅዎን ያንሱ ብሎ፣ ካየ በኋላ ወደ ሌላው። አንድ ዓይን ግማሽ ሥራ አይደለም። አንድ ዓይን አንድ ዙር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ካልተሟላ አልቀበልም የሚል ሰው እኔ ቢሮ ውስጥም አለ፤ ከእሱ ጋር እየታገልኩ እርስዎን ከእሱ ጎን ማግኘት አልችልም።

ስለዚህ ውል እንያዝ። እኔ ሦስተኛውን ዙር እየጨረስኩ ነው። የወረፋ ቁጥር ማተሚያው ቀርቷል፤ ኪስ ነበርና ቆረጥኩት። መጋቢት 14 እኔ እጨርሳለሁ። ከዚያ በፊት እርስዎ ቀኙን ያሠራሉ። ካላሠሩ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ፣ አለቃዬም ያቺን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሁሉ ያነባል። ዛቻ ነው። ዛቻ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

የቀሩትን ዩኒፎርሞች ጫማ ሠሪው ይስፋቸው። ልጆቹ ዝናብ አያስገባም ብለው ይለብሱታል።

እግርዎን የምስም፣
ግን የማልሰማዎት፣
ቁልፊት


መጋቢት 5

ለዛተችብኝ ለእህቴ ልጅ፣

የረገጥሽው ይጽና፣ የያዝሽው ይለምልም። ፊደሌ ማነሱን አየሽ? ሆን ብዬ ነው። አንቺም ወደ ጉንዳንሽ ተመለሺ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ጫማ ሠሪው ነበር ያነበበልኝ። "የማልሰማዎት" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ጣፍጦት። ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ኮቴን ለብሼ፣ "ተነስ፣ ሐኪም ቤት አድርሰኝ" አልኩት።

ቀኙ በየካቲት 20 ተሠራ። ከዓይኔ ላይ ጨርቁ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ጋዋን ነው፤ የትከሻው ስፌት ተንሻፏል። ነገርኩት። ቤት እንደገባሁ ያንን ሰማያዊ ኮት ከባለቤቱ አስመጣሁት። ጥቁር ነው፣ የእኔ ልጅ። ከላይ እስከ ታች በጥቁር ክር ነው የሰፋሁት። ባለቤቱ ለብሶት ሦስት ወር ሲዞር ምንም አላለኝም። ፈትቼ በሰማያዊ ሰፋሁለት። ስንት ሰው አዝኖልኝ ዝም እንዳለ ሳስብ የተናደድኩት በሞራው አይደለም፤ በዝምታው ነው። አንቺ ስለዛትሽብኝ መርቄሻለሁ።

ለግራው መጋቢት 25 ቀን ቆርጠውልኛል። በዚያ ቀን የምሄደው ከማን ጋር እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። ጫማ ሠሪው አለ፣ አንቺም አለሽ። ሥራሽን ሳትጨርሺ ግን ደጄን እንዳትረግጪ። ይሄም ዛቻ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 14

ለጋሼ፣

ሰላም ብዬ ልጀምርና ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። አለቀ። ይህን ቃል ስጠቀም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዛሬ ጠዋት ካርድ ክፍሏ ሴትዮ መስኮቷን ስትከፍት ሰልፉ እስከ በሩ ነበር። ረፋዱ ላይ መስኮቱ ፊት ሦስት ሰው ብቻ ቀረ። በንጉሡም ቢጽፉት በእሳቱም፣ ሰውየው አንድ ሰው ሆኖ ይወጣል። መሰላሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቦርሳዋን ሰቅላበታለች። እኔን ስታይ ሳልጠይቃት ሁለት እጇን አነሳች።

አለቃችን ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ መለሰልኝ። "ጥሩ ነው። እንግዲህ ፋርማሲውን እንቀጥልበት፤ ያው ሁለት ዓመት ባይሆን አንድ ዓመት" አለኝ። አልተለወጠም። ከፈቃዴ ስመለስ ሄጄ ፋርማሲስቱን እለካዋለሁ፣ ስንት ዙር እንደሚበቃ ያኔ እነግርሃለሁ አልኩት። እሱ ፊት "አንተ" ማለቴን የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር። ዝምታ ያናድደኛል ስላሉ ልናገር። ኮቱ ልክክ አላለም። በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን ሳነሳ ብብቱ ሥር ተተረተረ፤ ድምፁን ሁሉም ሰማ። እጄን ግን አላወረድኩም። ማታ ገልብጬ ሳየው ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ጨርቁን ስቶ በባዶ ሄዷል። የሸኙኝ ዕለት ኮሌታዬን አስተካክለው ሸኙኝ እንጂ "እጅሽን አንሺ" አላሉኝም ነበር። በአርባ ዓመት ይህን ሲረሱ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ።

መጋቢት 18 እደርሳለሁ። በር ላይ ወንበር አያውጡ፤ መቀሱንና ለኮቴ ሰማያዊ ክር ያዘጋጁ። ኮቱን ለብሼ መስታወቱ ፊት እቆማለሁ፣ ሳይሉኝም እጄን አነሳለሁ። መጋቢት 25 ደግሞ የምንሄደው ሦስታችንም ነን።

ፈቃዴ ስንት ቀን እንደሆነ ለጫማ ሠሪው አይንገሩት። ሁለት ሳምንት ነው።

ቁልፊት